የስንብት ሰዓት

ንግሥት ሜልባት በዳልሜን ዙፋን በተቀመጡ በዐሥራ አራተኛው ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቤተ ኖባር መብራት ጠፋ።

ያ መብራት ሦስት መቶ ዓመት ሲነድ የኖረ ነው። ከተማይቱ በጠላት ስትከበብ አልጠፋም፤ ግማሹ ጣሪያ በዶፍ ዝናብ የተደረመሰ ዕለት እንኳ አልጠፋም። በዚያ ቀን ግን በአዳራሹ አራት ማዕዘናት የቆሙት ሻማዎች ነበልባላቸውን ወደ ምሥራቅ አጎነበሱና አንድ በአንድ ከሰሙ። መብራቱም ተከተላቸው። የመዘምራኑ አለቃ በዜማው መካከል አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ግን አልቆመም፤ ብቻውን ጉልላቱን ሦስት ጊዜ ዞረና በምሥራቁ መስኮት ወጥቶ ሄደ።

«ደረሰብን!» አለ አንድ ሰው። ማን እንደ ደረሰ የጠየቀ አልነበረም።

የድምፅ ሌባውን በዳልሜን የማያውቅ የለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኬርሞስ ተራራ እየተነሣ በአገሩ የሚዞር ነፋስ ነው። በር ገፍቶ ይገባል፣ አንድ ሰው መርጦ ይዞረዋል፣ ድምፁን ይዞ ይወጣል። ከዳኛው ፍርድ ሊሰጥ ሲል ወስዷል፤ ከሙሽራይቱ «እሺ» ልትል ስትል ወስዷል፤ አፉን ካልፈታ ሕፃን እንኳ ወስዷል። ከነፋሱ ተርፎ የኖረ አንድ ቤት ቢኖር ቤተ ኖባር ነበር። የዚያ ቤት አስማተኞች በየንጋቱ በአራቱ ማዕዘናት ቆመው፣ በሰይፍ ጫፍ አየሩ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ እየሣሉ፣ የኃይላትን ስም እየጠሩ፣ ያልተጠራውን ሁሉ ያባርራሉ። ይህን ሥርዓት የደነገጉላቸው ታላቁ መምህር ዛርኤል ናቸው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጨው ምድር ጦር ዳልሜንን ሊውጥ ሲመጣ፣ በኬርሞስ ተራራ ላይ ክበብ ሠርተው ጦሩን በአንድ ማለዳ የበተኑት እሳቸው ናቸውና፣ ቃላቸው ሕግ ነበር።

ተርሲና የሳቸው ደቀ መዝሙር ነች። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ገብታ ሃያ ሞልቷታል። እናቷ ሲልማ የሃርባ ሐይቅ ጠሪ ነበሩ። ጉም ሲወርድ ከዳርቻው ዐለት ላይ ቆመው ታንኳዎቹን ይጠራሉ፤ ቀዛፊውም ስሙን ጮኾ ይመልሳል፤ እንዲህ እየተጠራሩ ወደ ዳር ይደርሳሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ነፋሱ የሲልማን ድምፅ ወሰደ። በዚያው ወር ሁለት ታንኳዎች ጉም ውስጥ ገብተው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ተርሲና እናቷን ለመጠየቅ በሄደች ቁጥር፣ ሲልማ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ስሟን እየጠሯት እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ግን አትሰማም።

ስለዚህ ንግሥቲቱ በጨለመው አዳራሽ ገብተው፣ «ከእናንተ መካከል ወደ ኬርሞስ ወጥቶ ይህን ሌባ በሰንሰለት አስሮ የሚያመጣልኝ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ቀድማ የቆመችው ተርሲና ነበረች።

«እኔ እሄዳለሁ፣ ግርማዊት ሆይ። ድምፅ ሳልይዝ ብመለስ ይህ ቤት አይቀበለኝ!»

መምህር ዛርኤል ወደ ጠፋው መብራት ተጠጉ። «ብቻዋን አትሄድም። እኔም አለሁ» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ተርሲና ግን መምህሯ ለምሥራቁ መስኮት ጀርባቸውን እንደ ሰጡ አየች፤ ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

መሐላውንም እንደ ደንቡ ፈጸመች። በቤተ ኖባር ማንም በሌላ ሰው መሣሪያ አይሠራም፤ በትሯን ፀሐይ ስትወጣ ከለውዝ ዛፍ በአንድ ምት የቆረጠችው ራሷ ነች፤ ሰይፏን የሳለችው፣ ጽዋዋን ከሸክላ የሠራችው፣ የሥራን መጀመሪያና መጨረሻ የምታበስርበትን ትንሽ የነሐስ ደወል በእናቷ ምድጃ አቅልጣ የሠራችው ራሷ ነች። እነዚህን በፊቷ ደርድራ የቤቱን ሕግ በቃሏ አለች፦ «አስማት ፈቃድ ነው፤ ፈቃድም በስም ይታሰራል። የጠራ ያሰናብታል። በሌላ ሰው ስም ቃል የሚሰጥ ግን፣ ቃሉ ሲሄድ ድምፁም አብሮ ይሄዳል።» ስንት ጊዜ ብላው ይሆን! እንደ ውዳሴ ከአፏ ይፈስ ነበር።

ንግሥቲቱ ሦስተኛ ጓደኛ ሰጧቸው። በርጎድ የሚባል የጦር አበጋዝ ነበር፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ድምፁ ከዚያ የሚበልጥ። አስማት የሚባለውን ነገር አያምንበትም።

«እኔ የማውቀው ክብ ጋሻዬን ነው» አላት ገና ከከተማው በር ሳይወጡ። «የናንተን ክብ መሬት ላይ ጭራችሁ ስትጨርሱ ንገሪኝ፣ እንዳልረግጠው።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝም ብትል ነፋሱም ባላገኘህ» አለችው።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ካልኩ እነቅዛለሁ!»

ስድስት ቀን ተጓዙ። ያለፉባቸው መንደሮች ጭር ያሉ ነበሩ፤ ገበያው በእጅ ምልክት ይካሄዳል፣ ለቀስተኛው ያለ ሙሾ ደረቱን ይደቃል። በርጎድ በየመንደሩ እየገባ ጮኾ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ሰዎቹ እንደ ብርቅ ይከቡታል፤ አንዲት አሮጊት ድምፁን ለመንካት የፈለጉ ይመስል እጃቸውን ጉሮሮው ላይ አሳረፉ። ከዚያ በኋላ በርጎድ በየመንደሩ ሰላምታውን ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ጀመር።

በሰባተኛው ቀን የሽርካም ገደል ደረሱ። ሽርካም ዐይን የሌላቸው፣ መንቆራቸው እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ በጆሮ የሚያድኑ ትልልቅ አሞሮች ናቸው፤ በገደሉ ግድግዳ ላይ በሺህ ተሰቅለው ያንቀላፋሉ። ማለፍ የሚቻለው ትንፋሽ ዋጥ ተደርጎ ነው። ሦስቱ ጫማቸውን አውልቀው በጠባቡ መተላለፊያ ገቡ። ግማሹን እንዳለፉ መምህር ዛርኤል አዳለጣቸውና አንድ ድንጋይ እየነጠረ ቁልቁል ወረደ። ገደሉ በሙሉ ክንፍ ሆነ።

በርጎድ ወደ ተርሲና ዞሮ ፈገግ አለ። ከዚያም ጋሻውን በሰይፉ እየደቃ፣ በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ እየሮጠ፣ ያለ የሌለ ሽለላውን ለቀቀው፦

«በርጎድ ነኝ እኔ፣ ዘራፍ! የእናቴ ልጅ፣ የጎራዴ ወዳጅ! ኑ እንጂ፣ ምን ታፍራላችሁ!»

አሞሮቹ እንደ ደመና ተከተሉት። ተርሲና መምህሯን ደግፋ ስታሻግር ሽለላው ከሩቅ ይሰማት ነበር። ድንገት ነፋስ ነፈሰ። ሽለላው በቃል መካከል ተቆረጠ። የሚከተሉት ድምፅ የጠፋባቸው አሞሮችም ተበትነው ወደ ገደላቸው ተመለሱ።

በርጎድ ከቀትር በኋላ ደማምቶ ደረሰ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ተርሲናን አያትና ጣቶቹን ጉንጩ ላይ እንደ ነቀዝ አርመሰመሳቸው። ልትስቅ ፈለገች፤ አለቀሰች።

ያን ዕለት ከኬርሞስ ጫፍ በታች ባለ ዋሻ አረፉ። ተርሲና በማግስቱ የምትሠራውን ክበብ ከመጀመሪያው ጋር ለማመሳሰል የመምህሯን የሥራ መዝገብ ጠየቀች። አስማተኛ የሠራውን ሁሉ መጻፍ ግዴታው ነው፦ ቀኑን፣ የጨረቃዋን ዕድሜ፣ ያጠነውን ዕጣን፣ የጠራውን ስም፣ የመጣውን ነገር፣ በመጨረሻም ያሰናበተበትን ሰዓት። መምህር ዛርኤል መዝገቡን ሲሰጧት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ገለጠች። የኬርሞስን ገጽ አገኘች። «የተጠራው፦ ኦርያም፣ የምሥራቅ ነፋስ ጌታ። የሆነው፦ የጨው ምድር ጦር ተበተነ።» ቀጥሎ፣ «የስንብት ሰዓት» ከሚለው ሥር ምንም አልተጻፈም።

«የኔታ፣ ይህ መስመር ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው፣ ልጄ።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ሲናገሩ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ መሰለ። «ጦሩ ሲበተን ሕዝቡ ከሸለቆው ስሜን ጠራ። ዐሥር ሺህ ሰው ‹ዛርኤል!› ሲል ሰምተሽ አታውቂም። ሰይፌን ጥዬ፣ ክበቡን ረግጬ ሮጥኩ። ሦስት ቀን ድግስ ነበር። በአራተኛው ቀን ትዝ ሲለኝ፣ ተመልሼ ለመውጣት ፈራሁ። እሱ ሌባ አይደለም፣ ተርሲና። እንግዳ ነው። ጠርቼው፣ አሠርቼው፣ ሳልሸኘው የቀረ እንግዳ። ያለ ስንብት የመጣበት በር አይከፈትለትም። የስንብቱን ቃል ከሰው ጉሮሮ ሁሉ የሚፈልገው ለዚህ ነው።»

«የየንጋቱስ ሥርዓት?»

«እኔን እንዳያገኘኝ ነበር።»

ተርሲና ተነሥታ ከዋሻው ወጣች። ሰባት ዓመት ያለ አንድ ቀን ጉድለት፣ በፍቅር፣ አንዳንዴም በዕንባ የፈጸመችው ያ ሥርዓት ለካ የአንድ ሰው መደበቂያ አጥር ኖሯል። እናቷ ለዚያ አጥር ከፍለዋል። ተመልሳ ገብታ እፊታቸው ቆመች፤ ተቆጥታለች፤ ቁጣዋንም አልደበቀችም።

«የተባረረ ይመለሳል፤ የተሸኘ ብቻ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ነገ ይሸኙታል፣ የኔታ።»

«እሸኘዋለሁ» አሉ። ደግሞም ከልባቸው ነበር።

ንጋት ላይ የድሮው ክበብ በዐለቱ ላይ ተገኘ። ዛርኤል ሮጠው በወጡበት ቦታ የነጩ ቀለም መስመር ዛሬም በተረከዝ እንደ ተፋቀ ነው። ተርሲና ሞላችው፤ ዕጣኑን አጤሰች፤ ደወሉን አንድ ጊዜ መታች። ዛርኤል በክበቡ መካከል ቆመው ስሙን ጠሩ።

ኦርያም መጣ። አቧራና ብርሃን ለብሶ፣ እንደ ግንብ ቆሞ፣ ፊት ሳይኖረው የሚያይ ነበር። ሲናገርም በወሰዳቸው ድምፆች ሁሉ ተናገረ፤ በሽማግሌ፣ በሕፃን፣ በበርጎድ። «የጠራኝ የት አለ?» አለ፤ የመጨረሻዋ ቃል በሲልማ ድምፅ ወጣች። ተርሲና በዐይኗ እናቷን ፈለገች።

መምህር ዛርኤል አፋቸውን ከፈቱ። «ኦርያም ሆይ…» ብለው ጀመሩ። ነገር ግን ያ ፊት አልባ ግንብ ወደሳቸው ሲያጎነብስ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልማድ ክንዳቸውን አነሣው። ሰይፋቸው አየሩ ላይ ኮከቡን ሣለ፤ ከአንደበታቸውም የማባረሪያው ቃል ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ መመለሻ የለውም። ነፋሱ ተገፍቶ ጮኸ፤ ዐለቱ ተሰነጠቀ። ተመልሶም በሽማግሌው ላይ ወረደና ድምፃቸውን ከጉሮሯቸው ነቀለ።

ሲፈልገው የኖረው ድምፅ እጁ ገባ። ግን ዞረ፣ ዞረ፣ በሩ አልተከፈተለትም። ስንብት ይሰጣል እንጂ አይነጠቅም። ያኔ ኦርያም ያሰማው ድምፅ ቁጣ አልነበረም፤ ልቅሶ ነበር።

ዛርኤል በበርጎድ ክንድ ላይ ወድቀው ተርሲናን አዩ። በጣታቸው በአቧራው ላይ ጻፉ፤ በመሐላቸው ቀን የወሰዱትን፣ ማንም የማያውቀውን የምስጢር ስማቸውን። «እስከ ፍጻሜ» ይላል። ጽፈው ሲጨርሱ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ተርሲና ስሙን አነበበች። ሕጉንም አስታወሰች፤ በሌላ ሰው ስም ቃል የሰጠ ድምፁን ያጣል። በርጎድም ከፊቷ ገብቶት ኖሮ ክንዷን ይዞ ራሱን ነቀነቀ።

«ልቀቀኝ፣ ጋሼ» አለችው። «ለእናቴ ንገርልኝ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ግድ የለም፤ እናቴ ትረዳኛለች።»

ሰይፏን መሬት አስቀመጠች። አስማተኛ ሊያደርገው የማይገባውንም አደረገች፤ ከክበቡ ወጣች። እንግዳ ከበር ውስጥ ተሆኖ አይሸኝም።

«ኦርያም ሆይ!» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «እኔ ‹እስከ ፍጻሜ› ነኝ፤ የጠራሁህ። ስትጠራ መጣህ፤ የተባልከውን ፈጸምክ፤ አገራችንም ተረፈች። አላመሰገንንህም፤ ዛሬ እናመሰግንሃለን። በበርህ አልሸኘንህም፤ ዛሬ እንሸኝሃለን። የያዝከውን ለባለቤቱ መልስ። በእኛና በአንተ መካከል ሰላም ይሁን። መንገድህ የቀና ይሁን፤ በሰላም ግባ።»

ከዚያም ከጎኑ እየተራመደች እስከ ምሥራቁ ገደል ጫፍ አደረሰችው፣ ዘመድ እንደሚሸኝ። ፀሐይ ወጣች። ነፋሱ አንድ ጊዜ ግንባሯን ነካ፤ በበሩ ገባ፤ ጠፋም። ተርሲና ደወሉን መታችና ሥራው ተዘጋ።

«ልጄ! እህቴ! ኧረ ተናገሪ!» የሚለው የበርጎድ ድምፅ ከኋላዋ ተራራውን አናወጠው። ዞራ ፈገግ አለችለት፤ ጣቶቿንም ጉንጯ ላይ አርመሰመሰች። ያ ግዙፍ ሰው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

መምህር ዛርኤል ድምፃቸው ተመልሶላቸው ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸው መዝገቡን ገልጠው በባዶው መስመር ላይ መጻፍ ሆነ፦ «የስንብት ሰዓት፦ ፀሐይ ስትወጣ፣ በተርሲና አፍ።» ሁለተኛው በንግሥቲቱና በሕዝቡ ፊት ቆመው ሁሉን መናገር ነበር። ስማቸውን እልል ብሎ የጠራው አደባባይ በዝምታ ሰማቸው፤ ይህንንም ዝምታ እስከ መጨረሻው ቆመው ተቀበሉት።

ተርሲና ግን ያን ጊዜ በአደባባዩ አልነበረችም። በሃርባ ሐይቅ ላይ፣ ጠዋት፣ ትቀዝፍ ነበር። ጉሙ የመቅዘፊያዋን ጫፍ እንኳ አያሳይም። ከዳር በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ ትንሽ የሻከረ፣ ሦስት ዓመት ያልሰማችው።

«በጉም ውስጥ ያለህ! ማነህ? ስምህን ጥራ!»

ተርሲና አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ታንኳዋ ያለ መልስ ትንሳፈፍ ጀመር።

«ማነህ? ስምህን ጥራ እንጂ፣ ዐለት አለ!» ድምፁ ተጨነቀ።

ደወሉን ከጉያዋ አውጥታ መታች። ልጅ ሳለች በእናቷ ምድጃ አቅልጣ የሠራችው፣ እናቷ ድምፁን የሚያውቁት ደወል ነበር።

ቀጥሎ ሲልማ፣ እያለቀሱ፣ «ተርሲና!» አሉ። «ተርሲናዬ! ወደ ግራ፣ ልጄ፣ ወደ ግራ! ወደ ድምፄ ነይ!»

ተርሲና ደወሉን ደግማ መታችና ወደ ግራ ቀዘፈች።