ገመዱ የያዘው በር

እናትየው የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ፊታቸው ያለው ላፕቶፕ እንደበራ ነው፤ ከጎኑ ግማሹ የተጠጣ የብርቱካን ጭማቂ ቆሟል። የተሰበረው በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ደረጃው ሥር ደግሞ ልጆቻቸው ይሰዳደባሉ። አስከሬን እላይ አስቀምጦ እታች መሰዳደብ! እንዲህ ያለውን ቤተሰብ አያድርስ ነው።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» ብሎ መርማሪዋን የተቀበላት የሟች ታናሽ ወንድም፣ የልጆቹ አጎት ነው።

«ትልቋ ልጅ ናት የጠራችኝ» አለች መርማሪዋ፣ ጫማዋን ምንጣፉ ላይ እየጠረገች። ባልደረቦቿ ወስፌ ይሏታል፤ የገባችበትን ሳትበሳ ስለማትወጣ ነው።

«ትጠራለቻ! ራሷ ገድላ፣ ራሷ ትጠራለች!»

«ገድሎ ፖሊስ የሚጠራ እብድ ብቻ ነው። አብዳለች?»

አጎትየው ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነባት። በምሳ ሰዓት ከእናትየው ላፕቶፕ ለቤተሰቡ ሁሉ የተላከ መልእክት ነው። «ይህን የማደርገው በትልቋ ልጄ ምክንያት ነው» ይላል። «በገዛ ቤቴ አሳቀቀችኝ። የወለድኳት እኔ፣ የምረግማትም እኔ። አስከሬኔን እንዳትነካ።»

«አነበብሽ? ቀብሩ ነገ ነው። እናቷ የረገመቻት ልጅ ሣጥን አትሸከምም፤ ቀብሩ ቦታም ድርሽ አትልም። አለቀ!»

ትልቋ ልጅ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የጠመኔው ብናኝ ከእጅጌዋ ላይ አልረገፈም። ዓይኗ ደርቋል። ወስፌ ስትጠጋት ቀና ብላ አየቻት።

«ብታሰር ግድ የለኝም» አለች። «እናቴ በእውነት ረግማኝ እንደሞተች ወይም እንዳልረገመችኝ ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«መጣላት ብቻ! ትናንት ገመዷ ጠልፎ ጣለኝና ‹ከነገመድሽ ተቀበሪ!› አልኳት። ዛሬ ጠዋት ሳልሰናበታት ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

«የምን ገመድ?»

«የኢንተርኔት ነዋ። ላፕቶፗ ባለፈው ሳምንት ራሱን አድሶ ሲነሳ ዋይፋይ እምቢ አለ። ራውተሩን መቶ ጊዜ አጥፍተን አበራነው፤ ምንም የለም። ወንድሜ ከፍቶ አየውና ‹የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል› አለ። እሷም ኮሪደሩ ላይ ካለው ራውተር እስከ ጠረጴዛዋ ረጅም ገመድ አስዘረጋች።»

ወስፌ ወደ ላይ ወጣች። መጀመሪያ የእናትየውን እጅ ነካች፤ ቀዝቅዟል፣ ጣቶቹም ደርቀው አይታጠፉም። ቀጥላ በሩን አየች። ከደፉ ጋር ግጥም የሚል ከባድ በር ነው፤ ሲዘጋ ወረቀት እንኳ አያሾልክም። መቀርቀሪያው በሩን ገፋ ሲያደርጉት ራሱን በራሱ የሚቆልፍ ዓይነት ነው። ቁልፉ የሟች ኪስ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ላይ ገመድ የሚባል ነገር አልተሰካም፤ ከማያው ጥግ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል።

«ተቃጠለ የተባለው ካርድ ይሄ ነው?» አለች ለራሷ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከራውተሩ ሥር ያለውን የጫማ ቁም ሳጥን ከፈተች። ገመዱ ከጫማዎቹ ጀርባ ተቀምጧል፤ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ በቀጭን ነጭ ክር ታስሯል። ክሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ የናና ሽታ አለው። ገመዱን ከነክሩ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በቤቱ ያለውን ተከራይ ልታነጋግር ወረደች።

ተከራዩ እታች አንዲት ክፍል ይዞ ኮምፒውተር ይጠግናል። በሩን የከፈተላት በእጁ መፍቻ እንደያዘ ነው።

«አልዋሽም፣ አልወዳቸውም ነበር» አለ። «ከዚህ ቤት ሊያስወጡኝ ነው። ትልቋ ደግሞ ከእሳቸው ትብሳለች፤ ከሦስት ቀን በፊት የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይራ ቆረጠችብኝ።»

«ፊልም እያወረድክ ጨርሰኸው ነዋ!» የሚል የትልቋ ጩኸት ከደረጃው መጣ።

«ይሰማሉ? ይሄ ቤት ነው? ዛሬ በምሳ ሰዓት እንኳ ‹ፓስወርዱን ስጡኝ› ብዬ ልለምን ሄጄ ሳለሁ ነው መልእክቱ የመጣው። እሷም ወንድሟ ዶክተሩም ማዕድ ላይ ነበሩ። ስልካቸው አንድ ላይ ጮኸ።»

«የእናትየውን ላፕቶፕ ለምን አልጠገንክላቸውም?»

«ማን አስነክቶኝ! ዶክተሩ ‹ካርዱ ተቃጥሏል፣ ለዚህ ሌባ እንዳታሳዩት› ብሏቸው። እሱ እንደሆነ ክሊኒኩ ውስጥ ያለውን ማሽን ሁሉ ራሱ ነው የሚያገናኘው፤ ለኔ አንድ ቀን ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ የክሊኒኩን ጉድ ሰምተዋል? አንዲት ታካሚ ማደንዘዣ ወግቷት ከወንበሩ ሳትነሳ ቀረች። እናትየው ድሮ ነርስ ስለነበሩ እዚያው ያግዙት ነበር፤ በዓይናቸው አይተዋል። ከነገ ወዲያ ሐኪሞችን ለሚዳኘው የሕክምና ጉባኤ በቪዲዮ ሊመሰክሩ ነበር። ጉልበታቸው ስለማይነሳ ነው በቪዲዮ የሆነው።»

«ሊመሰክሩ የነበረው ለልጃቸው ነው፣ በልጃቸው ላይ?»

«በልጃቸው ላይ ነዋ! ለልጃቸው ቢሆን ያን ሁሉ ገመድ ያስዘረጉ ነበር?»

ዶክተር የሚሉት ታናሹን ልጅ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ነው። ሳሎን ውስጥ ትከሻውን እያሻሸ ይንጎራደዳል። ወስፌን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ።

«እናቴ ሞታ ሳለ ቤት ለቤት ወሬ ትለቅሚያለሽ አሉ።»

«ሥራዬ ነው፣ ዶክተር። ዛሬ ጠዋት እናትዎን አይተዋቸዋል?»

«በየቀኑ አያታለሁ። ጭማቂዋን ሰጥቻት ወደ ሥራ ሄድኩ። ደህና ነበረች።»

«ላፕቶፑን ነክተውታል?»

«ካለፈው ሳምንት ወዲህ ዓይኔም አላረፈበት። ካርዱ የተቃጠለ ማሽን ምን ይሠራልኛል?»

«የዋይፋዩ አዲስ ፓስወርድ አለዎት?»

«እህቴ ነግራኛለች። ስመጣ በስልኬ እጠቀማለሁ። ይሄ ደግሞ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። በሩን የሰበሩት እርስዎ ነዎት?»

«በትከሻዬ! ይኸው አብጧል፣ እይው!»

«ተቆልፎ ነበር ማለት ነው።»

«ካልተቆለፈ ለምን እሰብረዋለሁ? ምን ዓይነት የጅል ጥያቄ ነው?»

ወስፌ አመስግናው ወጣች። ምስጋናዋ አናደደው እንጂ አላረጋጋውም። ወደ ላይ ተመልሳ ላፕቶፑ ፊት ብዙ ቆየች፤ አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪምም በስልክ አነጋገረች። አመሻሹ ላይ ሁሉንም ሳሎን ጠራቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ጋ ቆሙ።

«ተቀመጡ» አለች።

«ቆመን እንሰማለን!» አለ አጎትየው።

«እንግዲያው ቁሙ። አንደኛ፣ እናትየው የሞቱት በምሳ ሰዓት አይደለም። እኔ ከምሳ በኋላ ወዲያው ስደርስ ጣታቸው ደርቋል፤ ለዚያ ሰዓታት ይፈጃል። ሐኪሙም ከምሳ ብዙ ቀደም ብለው እንደሞቱ አረጋግጧል። ጭማቂው ውስጥ የገዛ የልብ መድኃኒታቸው ከልክ በላይ ተጨምሮበታል። መልእክቱ ጠዋት ተጽፎ፣ በምሳ ሰዓት ራሱን ችሎ እንዲሄድ የታዘዘ ነው።»

«ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አዛው፣ ራሷ ጠጥታ ይሆናላ!» አለ አጎትየው።

«ይሆናል፤ ገና አልጨረስኩም። ዶክተር፣ መልእክቱ በምን ወጣ? ካርዱ ተቃጥሏል ብለውኛል።»

«በገመዱ ነዋ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሌላ በምን ይወጣል? ሳምንቱን ሙሉ የምትጠቀመው በገመድ ነው! ይሄን ለማወቅ መርማሪ መሆን ያስፈልጋል?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ወስፌ ፈገግ እንኳ አላለችም።

«ገመዱ በደፉ ላይ ካለፈ ያ በር አይገጥምም፤ ለክቼዋለሁ። ትልቋ፣ ባለፈው ሳምንት የእናትዎ በር ተዘግቶ ያውቃል?»

«አንድም ቀን! ገርበብ እንዳለ ነው የሚያድረው።»

«ዶክተሩ ግን ትከሻቸው እስኪያብጥ የሰበሩት የተቆለፈ በር ነው። ገመዱ ተሰክቶ ከነበረ በሩ አይቆለፍም። በሩ ተቆልፎ ከነበረ መልእክቱ በገመድ አልወጣም። ዶክተር፣ የትኛውን ይመርጣሉ?»

ተከራዩ መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጆሮውን አቆመ።

«ካርዱ ደህና ነው» አለች ወስፌ። «የተበላሸው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ካርዱንና ላፕቶፑን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው፤ እንደ አስተርጓሚ በሉት። ማሽኑ ባለፈው ሳምንት ራሱን ሲያድስ አዲስ አስተርጓሚ ቀጠረ፤ አዲሱ ደግሞ የካርዱን ቋንቋ አያውቅም። መፍትሔው አዲሱን አባርሮ አሮጌውን መመለስ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው መልሶታል። ሰዓቱን ማሽኑ ራሱ መዝግቦታል።»

«እማማ ይሆናሉ» አለ ተከራዩ ሳያስበው።

«ድራይቨሩ ቢመለስም ዋይፋዩ ያለ አዲሱ ፓስወርድ አያስገባም። አንተ የለህም፤ ስትለምን ነው የዋልከው። እናትየውስ ነበራቸው?»

ትልቋ አንገቷን ደፋች። «አልነገርኳትም። በገመድ ስለምትጠቀም ምን ያደርግላታል ብዬ ነው። የነገርኩት ለወንድሜ ብቻ ነው።»

«ስለዚህ ያላችሁ እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ፤ እርስዎና ወንድምዎ። ድራይቨሩ በተመለሰበት ሰዓት እርስዎ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ነበር። ርዕሰ መምህሩን ጠይቄያለሁ፤ ለአፍታም አልወጡም።»

«ለእናቴ የሰጠኋት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ዶክተሩ። «ፓስወርዱን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት! ራሷ ጠግና ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ዓይኔም አላረፈበት ያሉት ማሽን ነው። ካርዱ ተቃጥሏል ብለው ላሳመኗቸው እናት ደግሞ የዋይፋይ ፓስወርድ ሰጡ። ይሁንልዎት። ገመዱንስ ማን ጠቀለለው?» ወስፌ ጥቅሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ጉልበታቸው የማይነሳ ሴትዮ እስከ ጫማ ቁም ሳጥኑ ሄደው አልደበቁትም። ክሩን አሽትቱት። የጥርስ ማጽጃ ክር ነው፤ የናና።»

ትልቋ ክሩን አንስታ አሸተተች። «ያገኘውን ሁሉ በዚህ ነው የሚያስረው» አለች። «የልጆቼን ፊኛ ሳይቀር።»

«እህትዎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቅ ብላ አስከሬኑን እንዳታይ በሩ መቆለፍ ነበረበት» አለች ወስፌ፣ ዓይኗን ዶክተሩ ላይ ተክላ። «እርስዎ ማዕድ ላይ ሆነው፣ ምስክር ከፊትዎ አስቀምጠው መልእክቱ መምጣት ነበረበት። ሁለቱ እንዲሆኑ ገመዱ መነሳት ነበረበት። ገመዱ ከተነሳ ደግሞ የተቃጠለው ካርድ ከሞት መነሳት ነበረበት፤ እርስዎም አስነሱት። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ከልክለው እናትዎን ከጉባኤው ሊያስቀሩ ሞከሩ። እሳቸው ገመድ ሲያስዘረጉ ጭማቂ አቀረቡላቸው። ጥፋቱን በእህትዎ ላይ ለማላከክ የሷንና የእናትዎን ጠብ ተጠቀሙበት።»

«ልታጠፋኝ ነበር!» ብሎ ፈነዳ ዶክተሩ። «የገዛ እናቴ! ስንት ዓመት የለፋሁበትን ሙያ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ስለሞተች! እናት ልጇን አታስጥልም?»

ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት። ያበጠው ትከሻው ላይ ሲደርሱ ጮኸ፤ የሚያዝንለት ግን አልተገኘም።

ትልቋ መንገዱ ላይ ቆመችበት። መርማሪዋን ነው የጠየቀችው።

«ያ ድራይቨር፣ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ለሚያውቅበት ሁለት ደቂቃ።»

«ሁለት ደቂቃ» አለች ትልቋ። ወንድሟን ፊት ለፊት አየችው። «ሳምንቱን ሙሉ ‹ልጄ፣ እስቲ እንደገና እየው› እያለች ስትለምንህ ሰምቻለሁ። በሕይወት ሳለች ሁለት ደቂቃ ነፈግካት። ስትሞት ጠገንክላት።»

ዶክተሩ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ይዘውት ወጡ።

አጎትየው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰውየው ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም።

«መልእክቱ የእሷ ካልሆነ... እንግዲህ ነገ አንቺም ሣጥኑን ትይዣለሽ» አለ።

ትልቋ እንባዋ መጣ፤ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ። በጠመኔያሙ እጅጌዋ ጠረገችው።

«እናቴ አልረገመችኝም» አለች፣ ቃሉን ራሷ መስማት የፈለገች ይመስል። ቀጥላም ወደ አጎቷ ዞረች። «አዎ፣ ከፊት እኔ እይዛለሁ። አንተ ግን እጅህን እንዳታሳርፍበት። ከኋላ ነው የምትመጣው።»