ቀኑን ማን ነካው?

«ቲቸር፣ ኬብሉን የረገጠው ዮፍታሄ ነው!» አለች ሳያት፣ ማንም ሳይጠይቃት።

በኮምፒውተር ክፍሉ ካሉት ስምንት ማሽኖች አንዱም ለዛሬ የሚያስፈልገውን ፓኬጅ፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅል፣ አልጭን ብሏል። ማሽኖቹ ፍሪቢኤስዲ የሚባል ሲስተም ያላቸው ናቸው፤ ኢንተርኔት ስለሌላቸው የሚጫነውን ሁሉ የሚያመጡት ጥግ ላይ ከተቀመጠው አሮጌ ሰርቨር ነው። ከሰዓት በኋላ ወላጆች ይመጣሉ። የኮምፒውተር ክለቡ ልጆች ፕላኔቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም ሊያሳዩዋቸው ቃል ገብተዋል፤ የማቅረቡ ዕጣ የወጣው ለዮፍታሄ ነበር።

ዮፍታሄ ደግሞ ኬብል በመርገጥ የታወቀ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ከነሶኬቱ ነቅሏል። ስለዚህ ቲቸር ማቴዎስ ብዙ አልመረመሩም።

«አንተ ዛሬ ወንበር ደርድር። ሳያት ታቀርባለች።»

«ቲቸር፣ በናትዎ፣ አልነካሁም! አባቴ እኮ ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣውን ለሰው ጥሎ ነው የሚመጣው። ወንበር ስደረድር ሊያየኝ?»

ሳያት ትንሽ አፈረች። ደስታዋ ግን በለጠ። የክለቡ ሰብሳቢ እሷ ሆና ሳለ፣ ዕጣ ማውጣት ራሱ ምን የሚሉት ነገር ነው?

በምሳ ሰዓት ብቻዋን ቀርታ ሞከረች። ኬብሉ ደህና ነው። ሰርቨሩም ስትጠራው ወዲያው ይመልሳል። ፓኬጁን ስትጠይቀው ግን ያው የጠዋቱ የእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። ቀስ ብላ ተረጎመችው፦ ማሽኖቹ ሰርቨሩን አምነው እንዲቀበሉት የሚያሳያቸው ዲጂታል ምስክር ወረቀት የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም።

እንዴት አልደረሰም? ቲቸር ወረቀቱን ካወጡለት እኮ ዓመት ሊሞላው ነው። ማሽኑን ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። «ማርች 2018» አላት።

ሳያትን ላብ አጠመቃት። ሰኞ ዕለት ማሽኖቹ 2026 ሲሉ አግኝታቸው፣ «እነዚህ ደግሞ ስምንት ዓመት ቀድመውን የት ሊደርሱ ነው?» ብላ ስቃ፣ ስምንቱንም በገዛ እጇ 2018 አድርጋቸው ነበር። ኮምፒውተር በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚኖር ጭራሽ ትዝ አላላትም። አሁን ለማሽኖቹ ያ ወረቀት እስኪወጣ ገና ሰባት ዓመት ይቀራል።

የአንዱን ቀን መለሰችና ትእዛዙን ሰጠች። ፕሮግራሙ ተጫነ። ሳተርን ከነቀለበቱ መሽከርከር ጀመረ። የቀሩትን ሰባቱን ብታስተካክል ማን ያውቃል? «ኬብሉን አጥብቄው ነው» ብትል ያጨበጭቡላታል።

በመስኮት የአንድ ሰው ድምፅ ተሰማ። የዮፍታሄ አባት ነበሩ፤ በጊዜ መጥተው፣ ኮት ለብሰው፣ ከልጃቸው ጋር ወንበር ያግዛሉ።

«ይቺን ከፊት አድርጋት፤ የኔ ናት» አሉ። «ስታቀርብ አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ።»

ዮፍታሄ ወንበሯን አነሳ። አልነገራቸውም ማለት ነው።

ሳያት ሰባቱን ማሽኖች ሳትነካ ወጣችና ከዮፍታሄ እጅ ወንበሩን ቀማችው።

«ግባና ቀናቸውን ወደ 2026 መልስ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አቦ ሳያት፣ አትቀልጂ!»

የይለፍ ቃሉን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችለት። «አንዱ ተጭኗል፣ ሰባት ይቀርሃል። ደግሞ ኬብሉን እየዘለልክ እለፍ!»

ቲቸር ማቴዎስ ከመምህራን ክፍል ሲወጡ አየቻቸው። ሳያት ወንበሩን እንደተሸከመች ወደ እሳቸው ሄደች።