ከራሷ በላይ አንድ ስንዝር

የአዳራሹ ቁልፍ በእኔ እጅ ስለነበር የእነዚህን ሁለት ልጆች ነገር ከጅምሩ አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ለሠራተኞች እንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። እኔም በር ላይ ከምቆም ብዬ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። ብዙም አልገባኝም፤ የገባኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ቁመቷ፣ ልጆቼ፣ ታይቶ አይጠገብም። ግን ምን ያደርጋል፣ እንደ ተዘጋ ጃንጥላ ተጣጥፋ ነው የምትሄደው፤ ትከሻዋን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀብራ። እናቷ «ጎንበስ በይ፣ ወንድ ታስፈሪያለሽ» እያሉ ነው ያሳደጓት። ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹ ግድግዳ እያስደገፉ በጠመኔ ይለኳትና «ቀጭኔ! ቀጭኔ!» ይሏት ነበር።

እሱ አናጢ ነው። ከትከሻዋ አያልፍም፤ ሳቁ ግን ቤት ይሞላል።

መጀመሪያ የተገናኙት የካውያ ጠረጴዛዋ እግር ተነቅሎባት ወደ ሱቁ የወሰደችው ቀን ነው። ጠረጴዛውን ተሸክማ ስትገባ የበሩ ጉበን ግንባሯን ገጭ አደረጋት።

«እኔን! ተጎዳሽ እንዴ?» ብሎ መጋዙን ጣለ።

«ለምጄዋለሁ» አለች ግንባሯን እያሻሸች። «በር ሁሉ ከእኔ ጋር ጠብ አለው።»

እሱ ግን አልሳቀም። ጉበኑን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ጉበኑን አየ። የአናጢ ዓይን መቼም ሜትር ነው።

«ጠረጴዛሽ በሦስት ሳምንት ይደርሳል» አላት።

ለአንድ እግር ሦስት ሳምንት! እሷ ግን አልተከራከረችም። በድንጋጤ የእንግሊዝኛ ደብተሯን እንኳ እዚያው ረስታ ወጣች። ቅዳሜ ደብተሯን ሊመልስላት አዳራሽ መጣ፤ በዚያው ተመዝግቦ ቀረ። ለትምህርት ጓጉቶ ነው እንዳልል፣ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ አልነበረም።

የዚያን ቀን መምህርቷ ሰሌዳው ላይ «ቶል» የሚል ቃል ጻፈች። ወጣት ናት፣ ቀይ እስክሪብቶዋ ከእጇ አይለይም፤ ሳታርም የምታልፈው ነገር የለም።

«ይህን ቃል ለሰው፣ ለዛፍ፣ ለፎቅ እንለዋለን» አለች። «በየቀኑ በምትናገሩት ነገር ውስጥ አስገቡልኝ።»

እኛ ረጅም ስንል መንገዱም ገመዱም ወሬውም ረጅም ነው። እነሱ ቀጥ ብሎ ለቆመ ነገር ለብቻው ቃል ማስቀመጣቸው ደስ አለኝ።

ከተማሪዎቹ ሾፌሩ ተነሣና «ዘ ቢልዲንግ ኢዝ ቶል» አለ። ነርሷ ስለ ልጇ ተናገረች፤ «ማይ ሰን ኢዝ ቶል።» ተራው የስፌተኛዋ ሲሆን ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት።

«ዘ ትሪ ኢዝ ቶል» አለች፣ ድምጿ እየሰለለ።

«ጎበዝ! ስለ ራስሽስ?»

እግሯን አየች።

አናጢው የረዳት መስሎት ብድግ አለ። «ሺ ኢዝ ቶል! ሺ ኢዝ ዋን ሜትር ኤይቲ ሲክስ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ ከኋላ «ለካሃት እንዴ?» ሲል ደግሞ ባሰ። ልጅቷ ክው አለች። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ።

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። እሱ ግን ከሁሉም ቀድሞ እየመጣ ባዶ ወንበሯን ያያል።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ አንድ ቀን።

«አንተ ልጅ፣ የሰው ቁመት በአደባባይ እንደ ሳንቃ ይለካል?»

«ልክ ነዎት» አለ። «ሥራውን ሳልጨርስ አፌ ቀደመኝ።» ምን ሥራ እንደሆነ ብጠይቀው አልነገረኝም።

ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ የአዳራሹን ወንበር ላሠራ ሱቁ ቁጭ ብዬ ሳለሁ መጣች። ፊቷ ጥቁር ብሏል። ጠረጴዛዋን ወስዳ አናጢውን ዳግመኛ ላታየው መምጣቷ ያስታውቃል። በሩ ጋ ስትደርስ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«አትጎንበሺ» አላት።

«አሁንም ልትቀልድብኝ ነው?»

«ግዴለም፣ አንዴ ብቻ ቀና ብለሽ ግቢ።»

እጇን ቀስ ብላ ወደ ላይ ሰደደች። ጣቶቿ ጉበኑን ፈለጉት፤ አጡት። አንገቷ ቀና አለ፣ ትከሻዋ ተከፈተ፣ እንደዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ ሽማግሌው ትንፋሼን ይዤ አየሁ። አሮጌው ጉበን ተነሥቶ አዲስ እንጨት ከፍ ብሎ ተመቷል፤ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም።

«ይሄ በር…»

«ያቺን ቁጥር የያዝኳት ለእሱ ነበር» አለ፣ ዓይኑን መላጊያው ላይ ተክሎ። «በላዩ አንድ ስንዝር ጨምሬበታለሁ። ተረከዝ ያለው ጫማ ብታደርጊ እንዳትቸገሪ ብዬ።»

«ተረከዝ አድርጌ አላውቅም።»

«ከእንግዲህ ማን ይከለክልሻል?»

እኔ ወንበሬ ሳያልቅ ወጣሁ።

እናቷ አናጢውን እንደወደደችው ሲሰሙ ቤቱን ቀወጡት። «ትከሻሽ ላይ የሚቀር ሰው? ሰው ምን ይላል?»

«እማ፣ ሰው እንዳይል ብዬ ሃያ ስምንት ዓመት ጎነበስኩ። ወገቤ ደከመ።»

እናትየው ሰውዬውን ሊገላምጡ ሱቁ ድረስ መጡ። ልጃቸው ከፊታቸው ቀጥ ብላ በበሩ ስታልፍ አዩ። ቀና ብለው ጉበኑን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በእግራቸው ጣት ቆመው ኮሌታዋን አስተካከሉላት።

«ለካ እንዲህ ነሽ» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮቴዋን ቀድሜ ሰማሁት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ተረከዝ ናት! መምህርቷ ሳትጠራት ተነሥታ ቆመች።

«አይ አም ቶል» አለች።

የሳቀ የለም። ሾፌሩ እንኳ ኮፍያውን አወለቀ።

አናጢው ከጎኗ ብድግ አለ። ሲቆም ጭራሽ ትንሽ ሆኖ ታየ፤ ደስ ብሎት። «አይ አም ኖት ቶል» አለ። «ማይ ዋይፍ ኢዝ ቶል።»

ገና ቀለበት እንኳ ሳይታሰብ! መምህርቷ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች። «ዋይፍ አይባልም፣ ገና አልተጋባችሁም…»

ስፌተኛዋ ከዚያ ሁሉ ቁመቷ ላይ ሆና ወደ ታች አየችው፤ ወደ ታች ስታይ ግን አንገቷ ብቻ ነው የጎነበሰው።

«ቲቸር» አለች፣ «እሱን አታርሚው።»