ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ

«እስከ አስር ሰዓት ድረስ እንዳትመልሺው» ብሏት ነበር አባቷ። አሁን ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ የአይዳ ትዕግሥት ግን ከተሟጠጠ ቆይቷል።

ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ማሳ ውስጥ ተቀምጣ ለሚኒስትሪ ፈተና የምታጠናበትን ደብተር ለሦስተኛ ጊዜ ከወንድሟ እጅ ቀማችው። የስድስት ዓመቱ ሰሊሆም የተጻፈው አያገባውም፤ የሚፈልገው ገጾቹን ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ነው። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ የጀመረውን ካቋረጡት ግን ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል።

ዛሬ ታላቅ እህቷን ማዕዶትን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሽማግሌ ደግሞ ዘር ማንዘር ሳያጣራ አይሄድም። ስለዚህ ልጁ እንዳይታይ ተወሰነ፤ ይዞት የሚጠፋ ሰው ሲፈለግ እንደተለመደው ዕጣው ለአይዳ ወጣ።

የሚያበግናት ግን ሌላ ነው። አባቷ ሀብተወልድ የባዮሎጂ መምህር ነው። ባለፈው ወር አንድ ወዳጁ እንደ ሰሊሆም ባሉ ልጆች ላይ ስለሚታየው ኦቲዝም የሚያወራ የውጭ መጽሔት አውሶት ነበር። አይዳም መዝገበ ቃላት ይዛ አንብባዋለች። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለውን ሥርዓት የሚመሩ አንዳንድ ጂኖች ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት ሊኖራቸው ይችላል ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ገና አልተረጋገጠም። ጽሑፉ ውስጥ «ምናልባት» የሌለበት አንቀጽ የለም። ተማሪ «ምናልባት»ን ዘሎ ሲጽፍ ሁለት ማርክ የሚቆርጠው አባቷ ግን መጽሔቱን አጥፎ፣ «በቃ፣ ከዘራችን ነው። ይህን የሰማ ማዕዶትን አያገባም» አለ።

ገና ጥርጣሬ እኮ ነው ብትለው አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብሎ አፏን አስዘጋት። እናቷ ቡናዋን መቁላት ቀጠለች። ማዕዶት ጠዋት የሰሊሆምን ጫማ ስታስር ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ይሄማ ፉገራ ነው፣ አለች አይዳ በልቧ።

የማሳው ባለቤት እትዬ አገኘሽ የሙዝ ዘለላ ተሸክመው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«የማነው ልጅ?»

አባቷ ያስጠናትን መልስ አልረሳችም። «የጎረቤት ልጅ ነው።»

እትዬ አገኘሽ ሁለቱን ተራ በተራ አዩአቸው። «ጎረቤት አፍንጫም ያዋሳል እንዴ?» አሉና ለሰሊሆም አንድ ሙዝ ሰጥተውት ሄዱ።

የአይዳ ፊት ጋለ። ስትናደድ የዋለችው በአባቷ ነበር፤ አሁን ግን በራሷ አፈረች። ውሸቱ እንዲህ ሳያደናቅፋት ይወጣል ብላ አላሰበችም። ደግሞስ ዛሬ ቢደበቅ ነገስ? ለሠርጉ፣ ለመልሱ፣ ለማዕዶት ልጆች ክርስትና፣ ሁልጊዜ ሙዝ ማሳ ሊመጣ ነው?

ደብተሩን መልሳ ሰጠችው። የመጨረሻውን ገጽ እስኪገልጥ ጠበቀችና እጁን ይዛ ተነሣች።

ቤት ሲደርሱ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አባቷ በሩ ላይ ሲያያት በዓይኑ ተመለሺ አላት። ማዕዶት ከጓዳው በር ቆማ ታያለች። ምናልባት መቼም ይቅር አትለኝም፣ ብላ አሰበች አይዳ። ግን ገባች።

«ይሄስ ማነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ደበሌ።

«ወንድማችን ነው» አለች። «ሰሊሆም ይባላል። ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም።»

ወንበር ስባ ከመሀላቸው አስቀመጠችው፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።