ኦቦ ጉደታ የቀመሱት ውሃ

«እስቲ ደግመሽ ንገሪን» አለ አጎቷ ደሊል፣ በሱቁ ባንኮኒ ላይ በክርኑ ተደግፎ። «መካኒኩ ምን ሲያደርግ አየሽው?»

ሹኩሪያ ይህን ስትናገር ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። «የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ። ጣታቸውን ነከሩ። ቀመሱና እንትፍ አሉ። ከዚያ መልሰው ዘጉት።»

«ሰማህ አይደል?» ደሊል ወደ አባቷ ዞረ። «ራዲያተር የሚቀምስ መካኒክ አይተህ ታውቃለህ? መኪናችን ፍሬን ሊሠራላት ገባች፣ በሁለተኛው ሳምንት ጊንጪ መንገድ ላይ ጨሳ ቆመች። አሁን ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ተጋድሞ የኖረ ትልቅ ሞተር አለኝ፣ እሱን ልግጠምላችሁ ይላል። የሆነ ነገር ጨምሮባት ነው እንጂ!»

አባቷ አብዱልናስር ጨርቅ ማጠፉን ቀጠለ። አምቦ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። በየሳምንቱም ጣቃውን በአሮጌዋ ፊያት ስድስት መቶ ጭኖ እስከ ጊንጪ ይሄድ ነበር። መኪናዋ ከቆመች ወዲህ ግን አልሄደም።

ምርጫው ሁለት ነው። ደሊል አዲስ አበባ ሄዶ የመኪናዋን የራሷን ዓይነት ሞተር አግኝቷል። መካኒኩ ኦቦ ጉደታ ግን የፊያት ስምንት መቶ ሃምሳ ሞተር ይሻላል ብለዋል። ጉልበት አለው፣ ነገር ግን እሱን ለማስገባት የመኪናዋ የኋላ ቆርቆሮ መቆረጥ አለበት። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ መመለሻ የለውም።

«ቅዳሜ የቀበሌው ሸንጎ ይቀመጣል» አለ ደሊል። «አሻጥር ብለን እንከሰዋለን። ምስክሯ ልጅህ ናት።»

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው፤ «አሻጥር» በዋዛ የሚነገር ቃል አልነበረም። በአሻጥር ተከስሶ ጋራዡ ብቻ የተዘጋበት ሰው ዕድለኛ ነው። ሹኩሪያ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ግን እሷም ሰውየውን ትጠረጥራቸው ነበር። ሲናገሩ ሰው አያዩም፣ ሞተሩን ነው የሚያዩት። ሲስቁም አይታቸው አታውቅም። ጥርጣሬ ደግሞ አንዴ ቤት ከገባ እንደ ቁንጫ ነው፣ ማንንም አያስተኛም። ደግሞስ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ትልልቆቹ አፏን እየጠበቁ ሲያዳምጧት ደስ አላላትም ማለት ውሸት ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደሊል ወደ ጋራዡ ላካት። «ክሪካችንን አምጪው፤ እሱንም ሳይሸጠው» አላት።

ኦቦ ጉደታ መኪናዋን ከኋላ ከፍተው፣ የፈቱትን ሁሉ በጆንያ ላይ ደርድረው አገኘቻቸው። ሹኩሪያ በሩ ላይ ቆማ ትልቁን ሞተር በዓይኗ ፈለገች። ጥግ ላይ፣ በሸራ ተሸፍኗል። ለምን ተሸፈነ? ብላ አሰበች።

«ኮቱ፣ ነይ ግቢ» አሏት ቀና ሳይሉ። «ይህን እዪ።»

ያነሱት ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ነበር። ውሃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ነጭ ድንጋይ በመሰለ ነገር ተደፍነዋል። ኦቦ ጉደታ በካቻቢቴ ፋቅ ሲያደርጉት ቅርፊቱ መሬት ላይ ረገፈ።

«ውሃ አላሳልፍ ብሎ ነው የተቃጠለችው። ይህ ከቦኖ ውሃ አይመጣም፣ ልጄ። ፍሬኑን በሠራሁ ቀንም ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ነገር አይቼ ተጠራጠርኩ፤ ብቀምሰው ጨው ጨው አለኝ። ጠየቅሁሽ። ውሃውን ከየት ነው የምትቀጂው አልኩሽ። ምን አልሽኝ?»

ሹኩሪያ የረገፈውን ቅርፊት እያየች መለሰች። «ከቦኖ።»

«ከቦኖ አልሽኝ። እኔም ምላሴን ትቼ አንቺን አመንኩ፤ ልጅ በውሃ ምን ይዋሻል ብዬ።» ቴስታታውን ጆንያው ላይ አስቀመጡት። «ውሃው ደህና ከሆነ እንግዲህ አቅም አንሷት ነው ብዬ ትልቁን ሞተር መከርኩ። ልቆርጣት ነበር! ውሃው ከሆነ የገደላት ግን መቁረጥ ምን ያደርጋል? የራሷ ዓይነት ይበቃታል፤ ያ ደሊል ያገኘው ይሁን። ውሃውን ሳላውቅ ግን የቱንም አልመርጥላችሁም።»

የተላከችበትን የመኪና ማንሻ ክሪክ ስትጠይቃቸው አንስተው ሰጧት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩ። «ቅዳሜ ሸንጎ ፊት ትመሰክሪብኛለሽ አሉኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሷን የከበዳትም ይኸው ነው።

ራዲያተሩ ትንሽ ስለሚያንጠባጥብ በየጠዋቱ ውሃ መጨመር የሹኩሪያ ሥራ ነበር። አባቷ ከቦኖ ቅጂ ብሏታል። የቦኖው ሰልፍ ግን ረጅም ነው፣ ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ያልደረሰ ደግሞ ይንበረከካል። ሆራው፣ ጨዋማው የምንጭ ውሃ፣ ቅርብ ነው፣ ሰልፍ የለውም። ከብት ከገጠር እየተነዳ መጥቶ ይጠጣዋል፣ ሆዱን ያመመው ሰው ይጠጣዋል። ለሰው ሆድ የሚበጅ ውሃ መኪና ምን ያደርጋል? ብላ ስድስት ወር ሙሉ ከሆራው ቀዳች። ሲጠይቋት «ከቦኖ» ማለት ለመደባት፣ ኋላ ውሸት መሆኑንም ረሳችው።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ለመድና ነገረቻት።

«አብደሻል? ማን አየሽና!» አለች መድና። «ዝም በያ! አባትሽ ቢሰማ ቆዳሽን ነው የሚገፍፈው።»

«ኦቦ ጉደታስ?»

«እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያውቁበታል።»

ሹኩሪያ ያን ቀን የቀሩት ክፍለ ጊዜዎች እንዴት እንዳለፉ አታውቅም። ሸንጎው ፊት ቆማ «ቀመሱና እንትፍ አሉ» ስትል ታያት። ቃሉ እውነት ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስትደርስ ደሊል ክሱን ጽፎ ጨርሶ አባቷን እያስነበበው ነበር። «መጣሽ? ነይ ፈርሚ» አላት።

ሹኩሪያ ብዕሩን አልተቀበለችም። በመንገዷ ከሆራው ሞልታ ያመጣችውን ጀሪካን ባንኮኒው ላይ አወጣች። ከመደርደሪያው ብርጭቆ አንስታ ቀዳችበት። ውሃው ተንቻቻ፣ ትንንሽ አረፋዎች ከሥር ወደ ላይ ተግተለተሉ።

«በየጠዋቱ ስጨምርላት የነበረው ይህን ነው» አለች። «ከቦኖ ቀድቼ አላውቅም። ኦቦ ጉደታ ጠይቀውኝ ዋሸኋቸው። አንተንም ዋሽቼሃለሁ፣ አባ።»

«ሰውየው ነው ይህን ያስጠናሽ!» ብሎ ደሊል ተነሳ።

አብዱልናስር እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

ክሱን በአራት አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ስትፈራው የኖረችው ፊቱ አሁን የደከመ ብቻ ነበር። «ለሸንጎው እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ቀርቷል እላለሁ» አለ። «ለኦቦ ጉደታ ግን አልነግርልሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ሹኩሪያ።

የብርጭቆውን ውሃ ወደ ጀሪካኑ መለሰች፣ ክዳኑን አጠበቀች። ጋራዡ የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ጀሪካኑን አንጠልጥላ ወደዚያው ወጣች።