የተዘጉ አድራሻዎች

ፋርማሲስቱ በጓሮው ሲሚንቶ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ደሙን አጥቦ ወደ ቦዩ ወስዶታል። ከበላዩ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የቢሮው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ ነፋስ በመጣ ቁጥር ከግድግዳው ጋር ይላተማል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጆች አየች። በቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ሙጫ የያዘ ነጭ የወረቀት ቁራጭ ተወትፏል።

«ራሱን ጥሎ ነው እየተባለ ነው» አላት አጠገቧ የቆመው ፖሊስ።

«ማነው የሚለው?»

«የሚስቱ ወንድም።»

«አንድ ሰው ብቻውን ወሬ ሆነ በለኛ» አለችና ወደ ላይ ወጣች።

ቢሮው ጠባብና ንጹሕ ነው። ኮምፒውተሩ እንደበራ አድሯል፤ ስክሪኑ ላይ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ይታያል።

«ይህን ማንም እንዳያጠፋው» ብላ አዘዘች።

የሚስትየው ወንድም የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ ነው። መርማሪዋ ካርቶኖች መካከል ቆሞ ዓይኑን በመሐረብ ሲጠርግ አገኘችው።

«ትናንት ወደ ቢሮው ወጥተው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ቀኑን ሙሉ እዚሁ ዕቃ ስደረድር ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ራሱን የሚጥልበት ምን ምክንያት አለው?»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሞተ ሰው ላይ መናገር ይከብዳል። ኮምፒውተሩ ላይ የማይሆን ነገር ያይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳላንኳኳ ገባሁበት። የራቁት ሴቶች ማስታወቂያ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ‹ቀይ መጋረጃ› ይላል በትልቁ። ደንግጦ አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ማየት ያፍር ነበር።»

«ስሙን በደንብ ይዘውታል።»

«እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?»

መርማሪዋ አንድ ካርቶን ተደገፈች። ክንዷ ሥር የተለጣፊው ጠርዝ ተነስቶ ነበር። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሙጫው ገና አዲስ ነው፣ ከሥሩም ሌላ ተለጣፊ አለ።

ከሟቹ ሌላ የሕንፃው ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚስቱ ወንድምና መድኃኒት የምታድለው ረዳት። ረዳቷ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል ቀብራለች።

«ማነው ጋሼን እንዲህ ያለው? ምላሱ ይቆረጥ!» አለች። «እኔ በየቀኑ ማዘዣ ላስፈርም እወጣለሁ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ እንኳን የራቁት ሴት የሳሙና ማስታወቂያም አይቼ አላውቅም። ማስታወቂያ የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነጭ ሳጥን ነው። ‹ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጥርሱ ረግፏል፣ አስተክሉለት› ስለው ይስቅ ነበር።»

«ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

«የሚስቱ ወንድም ነዋ። መጋዘን ሳይገባ በፊት ሥራው እሱ ነበር። የይለፍ ቃሉን ግን ጋሼ አልሰጠውም፤ ሁልጊዜ ራሱ ከፍቶለት አጠገቡ ይቆማል።»

«ትናንት ስትወጪ ማን ቀረ?»

«ጋሼ ላይ ነበር። የመጋዘኑም መብራት አልጠፋም።»

የይለፍ ቃሉን የምታውቀው የሟቹ ልጅ ብቻ ናት። ትምህርቷን የምታጠናው በዚያ ኮምፒውተር ነው። ከእናቷ ጋር ቤት እንዳመሸች ጎረቤቶች መስክረዋል። አሁን እጇ ላይ የሰፋትን የአባቷን ሰዓት እያሽከረከረች መጥታ ቃሉን ጻፈችና ወደ በሩ ሸሸች።

የፖሊስ የኮምፒውተር ባለሙያው ወንበሩን ሳበ። «የተጎበኙ ገጾች መዝገብ ባዶ ነው» አለ። «ግን ማሽኑ ሌላ ትውስታ አለው። የድረ ገጽ ስም ስንጽፍለት የገጹን ቁጥር ጠይቆ ያመጣል፤ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይጠይቅ ለጊዜው ይይዘዋል። ዲኤንኤስ ካሽ እንለዋለን።»

አንድ ትእዛዝ ጻፈ። ስሞች እንደ ጉንዳን ከታች ወደ ላይ ተንጋጉ። አብዛኞቹ ለመናገር የሚያሳፍሩ ነበሩ። መካከላቸው «ቀይ መጋረጃ» አለ።

«አጎቴ ለእማዬ ሲነግራት ውሸት መስሎኝ ነበር» አለች ልጅቷ። ሰዓቱን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ያየሽውን ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት መርማሪዋ።

«ለማን ልነግረው? ይሄ ይወራል?»

እርምጃዋ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ መርማሪዋ ጠበቀች። ከዚያ ባለሙያውን፣ «ስሙን ተወውና ቁጥሩን አንብብልኝ» አለችው።

«ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።»

«የሚቀጥለው?»

«እሱም ዜሮ።» ወደ ታች ወረደ፤ ወረደ። «ሁሉም ዜሮ ነው። ይሄ እኮ የትም አያደርስም።» ሌላ ፋይል ከፈተ፤ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አነበቡት።

ከሰዓት በኋላ አራቱም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድምና ረዳት። መስኮቱ ተዘግቷል፤ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ያጉረመርማል።

«ራሱን ጥሏል ከተባለ ምክንያቱ ኀፍረት ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «የኀፍረቱ ምስክር ደግሞ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ሳምንት ‹ቀይ መጋረጃ›ን እዚህ ስክሪን ላይ አይተዋል።»

«በዓይኔ በብረቱ።»

«ያ ድረ ገጽ ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉ ባለሙያው አጣርቷል። ባለፈው ሳምንት የትም ቦታ፣ ማንም ሊያየው አይችልም።»

ሰውየው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ። «እንዴት አይችልም? እዚሁ ውስጥ አለ እኮ! ዝርዝሩን አውጥተው ይዩት!»

ልጅቷ ቀና ብላ አጎቷን አየችው።

«የትኛውን ዝርዝር?» አለች መርማሪዋ በቀስታ።

«እኔ አልነገርኩትም» አለች ልጅቷ።

«ማናችንም አልነገርነውም። ይህ ማሽን ሰው ካልነካው ትንሽ ቆይቶ ራሱን ይቆልፋል፤ ጠዋት ስንመጣም ተቆልፎ ነው ያገኘነው። አንተ የይለፍ ቃሉ የለህም፤ ስትጠግንም እሱ አጠገብህ ይቆማል። ስለዚህ ዝርዝሩን ያየኸው ባለቤቱ ከፍቶት ከተነሣ በኋላ፣ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ነው። ትናንት ወደ ላይ አልወጣሁም ብለኸኝ ነበር።»

«እኔ…»

«ጣቱ ሥር የተገኘው ወረቀት ካንተ መጋዘን ተለጣፊ ነው። ጊዜው ያለፈበትን የሕፃናት ሽሮፕ አዲስ ቀን ትለጥፍበታለህ፤ እሱ ደግሞ ላጠውና ከሥር አሮጌውን አገኘ። ከመስኮቱ ከወረወርከው በኋላ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጽፎ እንደሆነ ለማወቅ ማሽኑን በረበርክ። መዝገቡ ባዶ ሲሆንብህ ወደ ትውስታው ገባህ። የፈራኸውን አላገኘህም፤ ያልፈለግከውን ሲሳይ ግን አገኘህ። ስሞቹን አነበብክ። ቁጥሮቹን ለማየት አልታገሥክም።»

«የቱን ሽሮፕ ነው?» ረዳቷ ብድግ አለች። «የሳሉን? እኔ እኮ… ትናንት ስንት እናት ናት የወሰደችው!»

ሰውየው ወደ እህቱ ዞረ። «ለእናንተው ብዬ ነው። ቢከሰን ሁላችንም ነበር የምንጠፋው።»

«በእኔ ስም አትግደል» አለች እህቱ። ፊቷን አላዞረችለትም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወርዱ ደረጃው ረጅም ጊዜ ጮኸ። ረዳቷ ገዢዎቿን ፍለጋ እየሮጠች ወጣች።

ልጅቷ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። «ታዲያ ስሞቹ ለምን አሉ?»

«ዝርዝሩ አባትሽ የገባባቸው ቤቶች አይደለም» አለቻት መርማሪዋ። «አንድ በአንድ የዘጋቸው በሮች ነው። ባለሙያው በከፈተው ፋይል ላይ ስሙን ይጽፍና አድራሻውን ዜሮ ያደርገዋል፤ ገጹም ከዚያ በኋላ አይከፈትም። ማሽኑ ያንን ሁልጊዜ ያስታውሳል።»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። «ሕፃን ሆነሽ እዚህ የቤት ሥራሽን ስትሠሪ አንድ ጸያፍ ነገር ብቅ ብሎብሽ ነበር። አንቺ ረስተሽዋል። እሱ ግን ባገኘ ቁጥር እየጻፈ… ‹ምንድን ነው የምትለቅመው?› ስለው፣ ‹ጠጠር› ይለኝ ነበር።»

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱን አንሥታ አሠረች። ከዚያ በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ «ቀይ መጋረጃ» ብላ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች።

ከጓሮው ሲሚንቶውን የሚያጥቡበት የውኃ ድምፅ ይሰማል።

ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ።