ፊቱ የዞረ የድንቢጥ ጎጆ

አምሳ አለቃ እጅጉ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ከበቅሎው ሲወርድ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዘመኑ ፲፱፻፶፯፣ ወሩ ግንቦት ነው። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው ግቢ የሽማግሌው የአቶ ላቀው ሬሳ ከቤቱ ጥግ በጋቢ ተሸፍኖ ተጋድሟል። መሰላል ከአጠገቡ ወድቋል። ጎረቤቱ አድማሴ እጁ የኋሊት ታስሮ ከአጥሩ ሥር ተቀምጧል። የሟች ዘመዶች ምንሽር ይዘው ከበውታል።

«ማን አሰረው?»

«እኛ ነና» አለ አንዱ። «እስኪመሽ ካልተፈረደበት ደማችንን እኛው እንመልሳለን።»

«በመጀመሪያ አፈሙዝህን ወደ መሬት አዙር» አለ እጅጉ። አጭር ሰው ነው፤ ድምፁም ዝቅ ያለ። ሰውየው ግን ታዘዘው።

እጅጉ ጋቢውን ገለጠ። የሽማግሌው ማጅራት ከቤቱ መሠረት ድንጋይ ላይ አርፎ ተሰብሯል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ደርቋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ቀጫጭን ሣርና ሁለት የዶሮ ላባ ወጣ። ቀና ብሎ አየ። ከክፈፉ ሥር የድንቢጥ ጎጆ አለ፤ ጫጩቶች ይንጫጩበታል።

ወደ አድማሴ ሄደ።

«አንተ ነህ ያገኘኸው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። በሬዬ አጥር ጥሶ ቢገባ ልመልስ መጣሁ። ጮኽሁ። ስለ ጮኽሁ ታሰርሁ።»

«በማኅበር ላይ ‹ሳልቀብርህ አልሞትም› ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ። እሱም ‹ንፍሮዬን ለመብላት ቸኩለህ ነው› ብሎ ሰው አሳቀብኝ። በድንበር ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀናል። እንግዲህ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ዓባይነሽ ከደጃፉ ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ከዚህ ጎጆ ጋር ምን ነበራቸው?»

«ሁለተኛ ልጆቹ በላቸው። ወንዱና ሴቷ ሣር ሲያመላልሱ ቁጭ ብሎ ያያል። የዶሮዎቼን ላባ እየለቀመ ይበትንላቸዋል፤ ከውስጥ ያነጥፉታል። አሥራ ሁለት ቀን ታቀፈች። ሦስት ተፈለፈሉ፤ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ለመብረር አሥር ቀን ይቀራቸዋል ብሎ ክዳኑን ማንም እንዳይነካ ከለከለ።»

«ማን ሊነካው ነበር?»

«የልጃችን የቢሆነኝ ሰርግ በስምንት ቀን ነው። አማቾቹ ሳይመጡ ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ ሊያለብስ ፈለገ። አባቱ ደግሞ ‹እኔ እናትህን ከሣር ቤት አስገባሁ፤ ምን ሆነች?› ይለዋል።»

«ዛሬ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ኪዳን ላደርስ ቤተ ክርስቲያን።»

ቢሆነኝ አቧራ እንደለበሰ ቆሟል።

«አንተስ?»

«ጎህ ሲቀድ ምስማር ልገዛ ወደ ቡሬ ወጣሁ። መርዶው ከመንገድ መለሰኝ።»

«ቆርቆሮው የት ነው?»

«ከጓዳው ተቆልፎበታል። ሁለት እስር ነው።»

«ነክተኸዋል?»

«አልነካሁትም። ስወጣ ሁለቱም እንደታሰሩ ነበሩ።»

«ቁልፉስ?»

«ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

እጅጉ ቁልፉን ተቀበለ፤ ጓዳውን ከፍቶ አየና ወጣ። ከግቢው ማዶ ተቀምጦ ወደ ክፈፉ ተመለከተ። ድንቢጧ ትል ይዛ መጣች። በጎጆው ፊት ክንፏን እያርገበገበች ወጣች ወረደች። ተመለሰች። ደግማ ሞከረች። በመጨረሻ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ በኋላ በኩል ሾለከች።

«ሰው ሞቶ እሱ ወፍ ያያል» አለ አንዱ ዘመድ።

እጅጉ መሰላሉን አቁሞ ወጣ፤ ጎጆውን በቅርብ አይቶ ወረደ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ከሟቹ እጅ የወጣው የክዳን ሣር አይደለም፤ የጎጆ ሣርና ላባ ነው። ሲወድቁ ጎጆውን ይዘው ወድቀዋል። አሁን ግን ጎጆው ከቦታው አለ። የሞተ ሰው አልመለሰውም።»

በጣቱ ወደ ክፈፉ ጠቆመ።

«የመለሰው ሰው አፉን ወደ ግድግዳ አዞረው። እናቲቱ በሯን አጥታ ስትንከራተት አያችኋት። ጎጆው የዞረው ዛሬ ነው፤ ቢቆይ ኖሮ በለመደችው። ሊገድል የመጣ ጠላት ደግሞ ጫጩት ለቅሞ መልሶ አይሰቅልም።»

«አድማሴ ሊያታልለን ቢያደርገውስ?» አለ ከባለ ምንሽሮቹ አንዱ።

«ጎጆው በሽቦ ታስሯል። ቆርቆሮ የሚታሰርበት አዲስ ሽቦ ነው። ከጓዳው ያለው አንዱ እስር ሽቦው ተፈትቷል።» ወደ ቢሆነኝ ዞረ። «‹ስወጣ እንደታሰሩ ነበሩ› ያልኸኝ አንተ ነህ። ‹ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም› ያልኸኝም አንተ ነህ።»

ቢሆነኝ ከመሰላሉ ሥር ተቀመጠ።

«እናቴ ሳትመለስ ክዳኑን ላፈርስ መሰላል አቆምሁ። አባቴ ቀድሞኝ ወጣ። ጎጆውን በእጁ ደግፎ አልወርድም አለኝ። እንዲወርድ ብዬ መሰላሉን ነቀነቅሁት። እንዲወርድ ብዬ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ትንፋሹ ነበረ። ‹አንሣቸው፣ ይበርዳቸዋል› አለኝ። ሽቦ አምጥቼ፣ መሰላሉን አቁሜ አሰርሁላቸው። ስወርድ አልቋል። መሰላሉን ጥዬ ሸሸሁ።»

«አድማሴ ሲታሰርስ ለምን ዝም አልህ?»

«የእናቴን ፊት ፈራሁ።»

እጅጉ አድማሴን በራሱ እጅ ፈታው። ገመዱን ይዞ ወደ ቢሆነኝ ሲራመድ ወይዘሮ ዓባይነሽ ተነሡ።

«ልጄ፣ ውሰደው፤ አልከለክልህም። ግን አባቱን ማን ይሸከምልኛል? ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም።»

እጅጉ ገመዱን ጠቅልሎ ከኪሱ ከተተ።

«ይሸከም» አለ። «ከቀብር በኋላ እንሄዳለን።»

ቢሆነኝ ከቃሬዛው ፊት በቀኝ በኩል ገባ። ሁለት ዘመዶች ከኋላ ያዙ። ከፊት፣ በግራ በኩል፣ ከእርሱ ጎን የሚቆም ሰው ጠፋ። አድማሴ የገመዱ ሰንበር ያለበትን እጁን እያሻሸ መጣና ትከሻውን ሰጠ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ከኋላ እያለቀሱ ተከተሉ። መንገዱን ሁሉ የባላቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲደርሱ የልጃቸውን መጥራት ጀመሩ።